ዞራ ያላየችው ሴትና የካቺሲ ሽማግሌዎች

ፊደል የሚባል ነገር አልቆጠርኩም። ይህን የምታነቡትን እኔ እየተናገርኩ የልጅ ልጄ ቤዛ ናት ቁጭ ብላ የምትጽፈው። አንዳንዱ ቦታ ላይ "አኮ፣ ይሄ እንኳን ይቅር" ትለኛለች። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አይቀርም አልኳት። በራሷ መጽሐፍ እንደፈለገች ትሁን፣ ይሄኛው የእኔ ነው። ካልተስማማት ሌላ ጸሐፊ እቀጥራለሁ። ይኸው እየሳቀች እየጻፈች ነው።

ዘነቡ እባላለሁ፤ በኦሮምኛ አክብረው ሲጠሩኝ አዴ ዘነቡ ይሉኛል። አምቦ ገበያ ቅቤ ስሸጥ ነው የኖርኩት። ቤዛን ከሕፃንነቷ ጀምሬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ሆና ከጃንጥላዬ ሥር ተቀምጣ ከካቺሲና ከጎጆ ከተማ ቅቤ የሚያመጡልኝን ሴቶች ወሬ ስታዳምጥ ትውል ነበር። ቅቤ ሲመዘን የማይወራ ነገር የለም፤ ማን ማንን አገባ፣ ማን ጠፋ፣ የማን ላም ወለደች። እኔ በአንድ ጆሮዬ እሰማና በሌላው አስወጣለሁ። እሷ ግን ለካ ስታጠራቅም ኖራለች።

ተማረች፣ መንግሥት ቤት ተቀጠረች፣ ደህና ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም እፎይ አልኩ። አንድ ቀን መጥታ ሥራዬን ለቅቄያለሁ፣ መጽሐፍ ጽፌያለሁ አለችኝ። አዲስ አበባ ያሉ አሳታሚዎች ጋ ይዛው ስትዞር ከረመች። ወደውታል አሉ፤ ግን ሁሉም መጨረሻውን ቀይሪው ይሏታል። በመጽሐፉ ውስጥ ልጇን ትታ የምትሄድ ሴት አለች፣ እሷ ለልጇ ትመለስለት፣ ካልሆነም ዞራ እንኳን ትየው ነው የሚሏት። ቤዛ እምቢ አለች። ስታኮርፍ የታችኛው ከንፈሯ ይወጣል፣ የሟች ባሌን ከንፈር ነው የወረሰችው። "ራሴ አሳትመዋለሁ" አለችና አሳተመችው።

እንግዲህ ራሴ አሳትማለሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት እኔ ነኝ። መጽሐፉ በካርቶን በካርቶን ሆኖ በሚኒባስ ጣሪያ መጣና አልጋዬ ሥር ገባ። አልበቃ ሲል ቅቤ የማስቀምጥበት ጓዳ ገባ። ከገዢዎቹ ውስጥ መጽሐፉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል ብለው የመለሱ አሉ። ጠዋት ለጉደርና ለጌዶ ሹፌሮች ትሰጣለች፣ ከሰዓት መናኸሪያ ትቆማለች፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ትዞራለች። እሷው ጸሐፊ፣ እሷው ነጋዴ፣ እሷው ተሸካሚ። እኔ ደግሞ ጎረቤት ሲጠይቀኝ "የእኔ ልጅ ውሸት በካርቶን ትሸጣለች" እላለሁ። መጽሐፉን አንዴ ልታነብልኝ ጀምራ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ በኋላ እሷም አላነበበችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሁዳዴ ነው። ጾም ስለሆነ የቅቤ ገበያው ተኝቷል፣ እኔም ቤት ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ብወጣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ግቡ ብላቸው ቆመው ይቀራሉ፣ ተቀመጡ ብላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ።

እናንተም ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ሠላሳን የዳሰሰች ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት ሽማግሌ ሲመጣ ለሌላ ነገር አይመጣም። ቶሎ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና ቤዛን ፊትሽን ታጠቢ አልኳት። ለምን ስትለኝ ዝም ብለሽ ታጠቢ አልኳት። ተመልሼ ወጣሁና ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጀመርኩ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ የተማረች ናት፣ ምግብ ላይ ትንሽ ይቀራታል ግን ለመማር ፈቃደኛ ናት፣ ግትርነቷ ደግሞ ልጅ ስትወልድ ይለቃታል አልኳቸው። ለመሆኑ ልጁ ሥራው ምንድን ነው ብዬም ጠየቅሁ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "አዴ ዘነቡ፣ እኛ ልጅ ልንጠይቅ አልመጣንም። ልጅሽ የሰው እናት በወረቀት ላይ አውጥታለች፤ ባለጉዳዩ ልኮን ነው" አሉኝ።

በሩ ላይ ፊቷን ታጥባ ቅባት ተቀብታ የቆመችውን ቤዛን ብታዩዋት። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። "የማንን እናት?" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቺሲ ኦቦ ገመቹ፣ አቶ ገመቹ እንደማለት ነው፣ የሚባል ሰው አለ። ድሮ ወታደር ነበር፣ አሁን ገበሬ ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል። የመጨረሻ ልጁ እዚህ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የቤዛን መጽሐፍ ገዝታ ለእረፍት አገሯ ስትሄድ ለአባቷ አነበበችለት። አባትየው ሰምቶ ሲጨርስ ይህቺ የእኔ እናት ናት አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሴት ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም ሊወርሳት ይመጣል። እምቢ ትላለች። እምቢ ካልሽ ልጁ የአባቱ ወገን ነው፣ ጥለሽው ውጪ ይሏታል። ወደ ዓባይ ማዶ ከሚሻገሩ የበቅሎ ነጋዴዎች ጋር ትሄዳለች። የኦቦ ገመቹም እናት የሄደችው ልክ እንደዚሁ ነው፣ እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ካቺሲ ቅረቡ ብለውን፣ እነሱን ከሸኘን በኋላ ቤዛ ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠች። ከየት አመጣሽው አልኳት። "ካንቺ ጃንጥላ ሥር" አለችኝ። ከካቺሲ የሚመጡ ቅቤ ነጋዴዎች ሲያወሩ ሰምታ ነው፤ ልጇን ትታ ዞራ እንኳን ሳታይ የሄደች ሴት ነበረች ሲሉ። ተረት መስሏት ኖሯል። እውነተኛ ሴት ትሁን፣ ልጇ በሕይወት ይኑር፣ አላሰበችውም።

"አኮ፣ ሽማግሌዎቹ አጥፍተሻል ካሉኝ በቃኝ" አለችኝ። "ካርቶኖቹን ሰብስቤ አቃጥላለሁ። የሰው ቁስል እየሸጥኩ መኖር አልችልም። ቢሮዬም ከተቀበሉኝ እመለሳለሁ።"

ስንት ቀን ወደ ቢሮሽ ተመለሺ ብያት ነበር መሰላችሁ። ያን ቀን ግን እሺ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ አላውቅም።

ሽማግሌ ከተላከብህ እምቢ አይባልም። በሳምንቱ ተነሳን። በጊንጪ አድርገን፣ ወደ ጎጆ ወጥተን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ካቺሲ። ጎጆ ላይ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። በመስኮት ድንችና በግ አይቼ፣ ጾም ባይሆን ኖሮ እያልኩ ልቀልድ ብል ቤዛ አትሰማኝም። መጽሐፏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ እንጃ። ጋቢዬን ሰጠኋትና እኔ በነጠላ ቀረሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፣ ይጻፍልኝ።

ካቺሲ ደርሰን አደርንና በማግስቱ ጉዳዩ የተያዘው ኦቦ ዲንሳ ግቢ ውስጥ ነው። ኦቦ ዲንሳ የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው። ከእኔም ይበልጣሉ፣ ጥርሳቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ኦቦ ገመቹ ወዲያ ማዶ ብቻውን፣ እኛ ወዲህ። ሰውየውን አየሁት። የተቆጣ ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ፣ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ የጠፋው ሰው ነው።

ኦቦ ዲንሳ መርቀው ከፈቱና ገና ከመጀመሩ ሁላችንንም አስደነገጡን። መጽሐፉን አልሰማሁትም፣ ያልሰማሁትን እንዴት እፈርዳለሁ፣ ይነበብ አሉ። ቤዛ የትኛው ቦታ ይነበብ ብላ ጠየቀች።

"ከላይ እስከ ታች" አሉ። "ግማሹን ሰምቼ ብፈርድ ግማሹ ይታዘበኛል።"

ደግሞም በኦሮምኛ ካልሆነ አይሆንም። አማርኛ ይሰማሉ፣ ግን ፍርድ በሰው ቋንቋ አልፈርድም አሉ። ማን ያስተርጉም? የኦቦ ገመቹ ልጅ እንዳትሆን የከሳሽ ናት። ቤዛ ራሷ ተከሳሽ ናት። ፈላልገው ፈላልገው እኔ ላይ ወደቁ። እኔም እኮ የተከሳሽ አያት ነኝ ብላቸው፣ አንቺ በዚህ ዕድሜሽ አትዋሺም አሉኝ። ሰው ሳያውቀኝ ሲያከብረኝ ደስ ይለኛል። እንደተነበበው ልናገር ቃል ገባሁ።

እንግዲህ ቤዛ ታነባለች፣ እኔ እናገራለሁ። እውነቱን ንገሪን ካላችሁ፣ መጽሐፉን እኔም ገና ያን ቀን ነው የሰማሁት። መጀመሪያ መጀመሪያ እንደተነበበው ነበር የምለው። ከዚያ ሠርግ ላይ ደረስን። ቤዛ ሠርጉን በሁለት ቃል ጨረሰችው። ሠርግ እንዲህ ይሆናል እንዴ? እኔ ጠላውን ጨመርኩ፣ ሚዜዎቹን ጨመርኩ፣ አንድ ሰክሮ ከአጥር ላይ የወደቀ አጎት ጨመርኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቤዛ በክርኗ ጎሸም አድርጋ "አኮ፣ ሠርጉ ላይ በሬ አልታረደም" አለችኝ በጆሮዬ። ያለ በሬ ሠርግ የት አይተሻል አልኳት። ኦቦ ዲንሳ ምንድን ነው የምትነጋገሩት ሲሉኝ፣ ልጅቷ ሥጋ ረስታ ነበር አልኳቸው።

እኩለ ቀን ሲሆን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ መጣ። ማንም ተነስቶ አልበላም፣ እዚያው እየላጡ ወደ ቤዛ አፍ ያያሉ። የባሏ ወንድም ሊወርሳት የሚመጣበት ቦታ ስንደርስ አንዱ ሽማግሌ ድንቹን በእጁ ጨመቀው። እኔ ቀልዴን መቼ እንዳቆምኩ አላስታውስም። አንድ ቦታ ላይ ግን፣ ሴትየዋ ልጇን እያጠበች ከጆሮው ኋላ ያለውን እድፍ በምራቋ ስታስለቅቅ ይላል። እኔ ቤዛን እንደዚያ ነበር የማጥባት። ለካ ልጅ ሳለች ያደረግኩላትን ሁሉ ሰብስባ ለዚያች ሴት ሰጥታት ኖሯል። ውሸት በካርቶን ያልኩት ውስጥ እጄ ነበረበት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ንባቡ ለነገ አደረ። ወደ ማደሪያችን ስንሄድ ያ ድንች የጨመቀው ሽማግሌ ተከትሎኝ መጣና ቀስ ብሎ፣ ያ የባሏ ወንድም መጨረሻ ላይ የእጁን ያገኛል ወይስ አያገኝም አለኝ። ነገ ትሰማለህ ብዬ አሰናበትኩት። እኔም አላውቅማ።

በማግስቱ ጠዋት ሴትየዋ የምትሄድበት ቦታ ደረስን። ኦቦ ገመቹ ጋቢውን ተከናንቦ አንገቱን ደፍቷል። ቤዛ ድምጿ እየቀጠነ አነበበች። ሴትየዋ በማለዳ ወጣች። ልጇ ነቅቶ ቆሟል። ነጋዴዎቹ መታጠፊያው ላይ ይጠብቋታል። መንደሩ ሁሉ ያያታል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ "ከመታጠፊያው ደረሰች። ዞራ አላየችም።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የእኔ ተራ ነው። አፌን ከፈትኩ። በኦሮምኛ ያልኩት ግን "ከመታጠፊያው ስትደርስ ዞራ አየች" ነው።

አስቤበት አይደለም። ቃል ገብቻለሁ፣ ሽማግሌ ፊት ነኝ፣ አውቃለሁ። ወጣ፣ አለቀ።

ቤዛ ቀና አለች። ኦቦ ገመቹ ከተቀመጠበት ተነሳ። ሁለት ቀን ሙሉ ድምፁን አልሰማሁትም ነበር።

"አዴ፣ ልጅዎ ያነበበችው እንደዚያ አይደለም" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ?"

"አፌ እምቢ አለኝ" አልኩት።

ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ቆየ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ሰው ወደየት እንደሚያይ ግራ ይገባዋል፤ ሁሉም የየራሱን ጫማ ያያል። ከዚያ ኦቦ ዲንሳ፣ ገመቹ፣ ምን እንድናደርግልህ ነው የፈለግከው፣ ካሳ ነው፣ መጽሐፉ ይጥፋ ነው አሉት።

"ካሳ አልፈልግም። መጽሐፉም አይጥፋ" አለ። "እናቴ ሄደች ማለቷም እውነት ነው፣ በዚያ አልተቀየምኩም። እናቴ ግን ዞራ አይታኛለች። አገሩ ሁሉ ዞራ አላየችም ይላል። ልጅ ሆኜ ዞራለች ብል ሳቁብኝ። ሳድግ ተውኩት፣ ለብቻዬ ያዝኩት። እስከዛሬ ወሬ ነበር፣ ወሬ ይጠፋል ብዬ ነበር። አሁን ተጻፈ። እኔ እሞታለሁ፣ መጽሐፉ አይሞትም። እኔ ስሞት ዞራለች የሚል ሰው አይኖርም።"

ቤዛ መጽሐፉን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። እኔ የማውቃት ቤዛ ያቺን ዓረፍተ ነገር ለአዲስ አበባ ሰዎች አንድ ፊደል አልነቀነቀችላቸውም። ሴትየዋ ዞራ ካየች መሄድ አትችልም፣ መሄድ ካልቻለች መጽሐፉ የለም እያለች ስትከራከር በስልክ ሰምቻታለሁ። አሁን ተከራካሪው ፀጉሩ የሸበተ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነባት። ከንፈሯ አልወጣም። ደንግጣለች።

ነገሩን ያወሳሰቡት ኦቦ ዲንሳ ናቸው። እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ሰው ተናገሩ። "ገመቹ፣ አትቀየመኝ። ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ጎረምሳ ነበርኩ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ዞራ አላየችም።"

ኦቦ ገመቹ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ከዚህ በፊትም የሰማው እንደሆነ ፊቱ ይናገራል።

ቤዛ ያኔ ነው ቀስ ብላ የጠየቀችው። "ኦቦ ዲንሳ፣ እርስዎ የት ቆመው ነበር?"

"ከሰዉ ጋር። ገበያው ጋ።"

"ኦቦ ገመቹ፣ እርስዎስ?"

"ካቡ ላይ" አለ። "ከቤታችን በታች የድንጋይ ካብ አለ። እንዳልከተላት ከልክለውኝ ነበር፣ እዚያ ላይ ወጣሁ።"

ቦታው አሁንም አለ ወይ አለች። አለ። እንሂድ አለች።

እንግዲህ የሽማግሌ ጉባኤ ዱላውን ይዞ ሲወርድ አስቡት። ድሮ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ቆርቆሮ ቤቶች ተሠርተዋል፣ ግን መንገዱ ያው ነው፣ ወደ ዓባይ የሚወርደው። ካቡ ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ አለ። ኦቦ ገመቹ ማንም ሳይነግረው ሄዶ ወጣበት። በዚያ ዕድሜው ድንጋዩን እየያዘ ሲወጣ እግሩ የት እንደሚረግጥ ያውቀዋል። ቤዛም ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ኦቦ ዲንሳና ሌሎቹ እዚያው ድሮ የቆሙበት ቆሙ።

እንደ ገመቹ እናት በመንገዱ ወርዶ የሚያሳይ ሰው ጠፋ። ሴት ናት መሄድ ያለባት፣ ቤዛ ደግሞ ካቡ ላይ ናት፣ ከእኔ ሌላ አብራን የወረደች ሴት የለችም። ሴትየዋ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም ነበር፣ በቁመናም በወገብም አልገጥምላትም ብዬ ተከራከርኩ። ቤዛ ከካቡ ላይ ሆና "አኮ፣ ዝም ብለሽ እስከ መታጠፊያው ሂጂና ተመለሺ" አለችኝ። ነጠላዬን አጣፋሁና ጉዞ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ጉልበቴን ነበር የማስበው። ቁልቁለት ነው፣ ጠጠር አለው። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ከኋላዬ ያለው ዝምታ ከበደኝ። ሰው ሁሉ ጀርባዬን ያያል። ልጅ ጥሎ መሄድ ማለት ይሄን ጀርባ ይዞ መሄድ ነው ለካ። መታጠፊያው ጋ መንገዱ ዝቅ ይልና የአፈር ጉብታ አለ፣ እሱን አለፍኩ። ተመለሺ የተባልኩት እዚህ ጋ ነው። ዞርኩ።

ገበያው አይታይም። ሽማግሌዎቹ የሉም፣ ቆርቆሮውም የለም፣ ጉብታው ሁሉንም ጋርዶታል። የሚታየው ካቡ ብቻ ነው። ካቡ ላይ ገመቹ ቆሟል። አንድ እጁን አነሳ። ከፍ አድርጎ አይደለም፣ እስከ ደረቱ ብቻ፣ እንዳታደርግ ተብሎ የተከለከለ ልጅ እንደሚያደርገው። እኔም እጄን አነሳሁለት። እንዲያ ተያይተን ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። እኔ ዘነቡ አልነበርኩም፣ ማን እንደነበርኩም አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ዓይኔን ጠራርጌ ተመለስኩ። ቁልቁለቱ ዳገት ሆኖ ጠበቀኝ፣ እያለከለክሁ ሽማግሌዎቹ ጋ ደረስኩ። ኦቦ ዲንሳ ለጓደኞቻቸው እያስረዱ ነው። አያችሁ፣ ልክ እንደዚህ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ሄደች፣ ዞራም አላየች ይላሉ። ሌሎቹም አዎ፣ አልዞረችም፣ ሁላችንም አየን ይላሉ።

"ዞሬያለሁ" አልኳቸው።

ኦቦ ዲንሳ ሳቁ። አዴ ዘነቡ፣ እኛ ዓይናችንን ካንቺ ላይ አልነቀልንም አሉ።

"ዞሬያለሁ። ቆሜያለሁ። ገመቹን አይቼዋለሁ፣ እጁን አንስቶልኛል፣ እኔም አንስቼለታለሁ። ልጅቷን ጠይቋት።"

ቤዛ ከካቡ ላይ አዎ እያለች ራሷን ነቀነቀች። እያለቀሰች ነበር።

ኦቦ ዲንሳ መንገዱን አዩ፣ ጉብታውን አዩ፣ እኔን አዩ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። ዱላቸውን ለሌላው ሰጥተው ብቻቸውን ወደ ካቡ ሄዱ። ምን እንዳሉት የሰማሁት አጠገባቸው ስለደረስኩ ነው፣ አልቀርም መቼም።

"ገመቹ፣ ያ ወሬ ከእኔ አፍ ነው የወጣው" አሉት። "መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ። ወሬ የምወድ ጎረምሳ ነበርኩ። ከእኔ ሴቶቹ ሰሙ፣ ሴቶቹ ገበያ ወሰዱት፣ ከገበያ ይህቺ ልጅ ሰማች።" ሊንበረከኩ ሲሉ ኦቦ ገመቹ ከካቡ ላይ ዘሎ ወርዶ ክንዳቸውን ያዛቸው። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ አያድርጉት እያለ፣ እሱም እሳቸውም ተቃቅፈው ቀሩ።

ፍርድ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አልነበረም። ቤዛ ግን የራሷን አለች። መንደሩ ያለውን አልፍቅም፣ መንደሩ ብሏልና። ግን አንድ ገጽ እጨምራለሁ፣ ልጁ ከካቡ ላይ ሆኖ ያየውን አለች።

ኦቦ ገመቹ አሰበ። "ሁለቱም ይኖራሉ?"

"ሁለቱም።"

"እሺ። የእኔ በኋላ ይምጣ።"

እናንተ የምታነቡኝ ልጆች፣ ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ቤዛ ቢሮ አልተመለሰችም። ካርቶኖቹ ተሽጠው ሲያልቁ ሁለተኛው እትም ገጹ ተጨምሮበት ወጣ። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋትም፣ ራሷ ናት አሳታሚዋ። ያኔ ነው የራስ ማሳተም ጥቅሙ የገባኝ። አሁን የሌሎችንም ታሳትማለች። አምቦና ጉደር ያሉ መምህራን ጽሑፋቸውን እየያዙ ቤታችን ይመጣሉ፣ እኔም ቅቤዬን ሰብስቤ ቦታ ለቅቄላቸዋለሁ። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ግን እያንዳንዱ ለእኔ ይነበባል። እንቅልፍ ከወሰደኝ እንደገና ይጻፋል። አንዱ መምህር ሦስቴ አስተኝቶኛል፣ እስካሁን ያኮርፈኛል።

በእኔ ላይ የተለወጠው ሌላ ነው። ገበያ ላይ ስለሰው ክፉ ሲወራ ዝም ብዬ አልሰማም። የት ቆመሽ ነው ያየሽው እላለሁ። ሴቶቹ ዘነቡ አረጀች ይላሉ። ወሬ አበላሽባቸዋለሁ፣ እውነታቸውን ነው። ውሸት በካርቶን ማለቱንም ትቻለሁ፣ ቤዛ ስታናድደኝ ካልሆነ በቀር።

አዲሱ እትም እንደወጣ የመጀመሪያውን ቤዛ ራሷ ካቺሲ ወሰደችው። እኔ ጉልበቴ አሞኝ ቀረሁ፣ ሆኖም ስትመለስ አስቀምጬ ሁሉንም አስነገርኳት። ኦቦ ገመቹ ልጁን ጠርቶ ከላይ አታንቢ፣ ያቺን ገጽ ብቻ አንብቢልኝ አላት። ልጅቷ አነበበች። ሴትየዋ መታጠፊያው ላይ ዞረች፣ ካቡ ላይ ያለውን ልጅ አየችው፣ እጁን አነሳላት፣ አነሳችለት። ድገሚው አላት፣ ደገመችው። ከዚያ መጽሐፉን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ ዘጋው።

"በቃ" አለ። "አሁን እናቴ ትሂድ።"